የእናቴ ጣውላ

አንድ ነገር ሁለት ስም ሲኖረው፣ ስሞቹ ሥራ ተከፋፍለው እንደሚኖሩ እጠረጥራለሁ። የግጥም ልክፍት ያለበት ሰው እንዲህ ባለው ነገር ሌሊቱን ያነጋል። እዚህ ደብረ ታቦር ጎረቤት ከጎረቤት ሲጫወት ጆሮዬን ጣል አድርጌ ስሰማ፣ «መብራት ገባልን» ይላል፤ «መብራት ሄደ»፣ «መብራት መጣ»፣ «የመብራት ልከፍል ነው» ይላል። እንጀራው የሚጋገረው በመብራት ነው፤ ልብሱ የሚተኮሰው በመብራት ነው፤ እህሉ የሚፈጨውም በመብራት። ሰው ሲጎዳ ግን ስሙ ይለወጣል። «ኮረንቲ ያዘው» ይባላል እንጂ «መብራት ያዘው» ያለ ሰው እስከ ዛሬ አልገጠመኝም። ሲያገለግለን በአገራችን ቃል እንጠራዋለን፤ ሲገድለን በጣሊያንኛ።

ይህ የቃላት ጨዋታ ብቻ ቢሆን ኖሮ በአራት ስንኝ እገላገለው ነበር። ነገር ግን ከስሙ ክፍፍል ጀርባ የአንድ መቶ ዓመት ታሪክ፣ የእናቴ ጣውላና የአንዲት ልጅ መዳፍ አለ። አንባቢ ሆይ፣ ታገሠኝ፤ ከጣውላው ልጀምር።

በልጅነቴ የኖርንበት ግቢ አምስት ተከራይና አንድ ቆጣሪ ነበረው። ከግቢው ጥግ ግድግዳው ጭቃ፣ ጣራው ቆርቆሮ የሆነ የጋራ ማድ ቤት ነበር፤ በውስጡም የአከራያችን የኤሌክትሪክ ምጣድ። ተከራዮች በየተራ ይጋግራሉ። እናቴ ተራዋ ሲደርስ ሊጡን፣ ማሰሻውን፣ ሰፌዱንና አንዲት ክንድ ተኩል የምታህል ጣውላ ይዛ ትወጣለች። ጣውላዋን ከምጣዱ አጠገብ ታነጥፍና በላይዋ ትቆማለች። እግሯን ብርድ እንዳይመታት ይመስለኝ ነበር፤ ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ 2,700 ሜትር ገደማ ላይ የተቀመጠች ናትና ብርዱ ሰበብ አያጣም። አንድ ቀን ጠየቅኋት። «ይነዝረኛል፣ ልጄ» አለችኝ። በቃ፤ ከዚህ ሌላ ማብራሪያ አልነበራትም።

ነሐሴ 12 ቀን 1994 ዓ.ም.፣ የቡሄ ዋዜማ፣ ዐሥር ዓመቴ ነበር። ቀኑን ሙሉ ሲዘንብ ውሎ ግቢው ጨቅይቷል። እኔ ዱላዬን ይዤ፣ ጓደኞቼ ለሆያ ሆዬ እስኪጠሩኝ፣ ከማድ ቤቱ በር ላይ ቆሜያለሁ። ውስጥ ደግሞ የአንዱ ጎረቤታችን ዘመድ የሆነች የ13 ዓመት ልጅ የሙልሙሉን ሊጥ ምጣድ ላይ ትጥላለች። ባዶ እግሯን ነበረች። ውኃ ልትቀዳ ወጥታ ተመለሰችና የምጣዱን የብረት ጠርዝ ያዘች። አልጮኸችም። ሰው ሲነዝረው የሚጮኽ ይመስለኝ ነበር፤ እርሷ ግን ቆማ ቀረች፤ እጇ ጠርዙን እንደጨበጠ፣ ትከሻዋ እየተንቀጠቀጠ፣ ዐይኗ እኔን እያየ። ልይዛት ስንደረደር እናቴ ከኋላዬ «እንዳትነካት!» ብላ ጮኸች፤ ዱላዬን ከእጄ ነጠቀችና የምጣዱን ገመድ በዱላው ጠልፋ ከሶኬቱ ነቀለችው። ልጅቱ እንደ ጆንያ ወደቀች። ነፍሷ ተረፈች። በቀኝ መዳፏ ላይ ግን የጠርዙ መስመር ታትሞ ቀረ።

ያን ማታ ችቦው ሲበራ እኔ ቤት ነበርሁ። አዋቂዎቹ «ኮረንቲ ያዛት» አሉ፤ ቀጥለውም «በባዶ እግሯ ነክታው ነው» አሉ። ጥፋቱ የእግሯ ሆነ ማለት ነው። ሳምንት ሳይሞላ በዚያው ምጣድ እንደገና በተራ ይጋገር ጀመር፤ እናቴም ጣውላዋን ይዛ ትወጣ ጀመር።

ካደግሁ በኋላ፣ የባንክ ሥራዬን ስጨርስ የታሪክ መጻሕፍት ማገላበጥ ልማዴ ሆነ፤ ከልማዴ ሥር ግን አንድ ጥያቄ ተደብቆ ነበር። ይህ ነገር ወደ ቤታችን ሲመጣ አደጋው አብሮት መጥቷል። የአደጋው መከላከያ የት ቀረ?

የከተማችን ስም የብርሃን ስም ነው። ራስ ጉግሣ መርሳ በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መባቻ የቆረቆሯት ከተማ የክርስቶስ ብርሃን የተገለጠበትን ተራራ ስም ወርሳለች። ማይክል ፋራዴይ ለንደን ውስጥ በማግኔታዊ ኃይል አማካይነት በሽቦ ጥቅል ውስጥ ኤሌክትሪክ ያመነጨው በነሐሴ 1823 ዓ.ም. ነው፤ ወሩ የእኛ የቡሄ ወር መሆኑ ነው። በዚያው ዓመት ገደማ እዚህ፣ በዘመነ መሳፍንቱ መሐል፣ ዳግማዊ ራስ ዓሊ ሥልጣኑን ያዘ። ስለ ፋራዴይ የሰማ አልነበረም፤ ሊሰማም አይችልም ነበር።

ሠላሳ ስድስት ዓመት እንዝለልና ጋፋት እንድረስ። ከደብረ ታቦር ጥቂት ወጣ ብሎ በሚገኘው በዚህ መንደር፣ ዋልድማየርን የመሳሰሉ ጀርመንኛ ተናጋሪ ሚስዮናውያን ባለ እጆች ከአገሬው ሰው ጋር ሆነው ለዐፄ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖልን አቀለጡ። ሰባት ቶን ገደማ የሚመዝነው ይህ መድፍ የተሠራው በ1859 ዓ.ም. ነው። በዚሁ ዓመት ጥር ወር፣ በርሊን ላይ፣ ቬርነር ሲመንስ የሚባል ሌላ ጀርመናዊ የዳይናሞን መርሕ ለሳይንስ አካዳሚው አቀረበ፤ ዛሬ በዓለም ያሉ ታላላቅ የኃይል ማመንጫዎች የዚያ ሐሳብ ልጆች ናቸው። ቀኖቹን ጎን ለጎን ሳያቸው ልቤ ይዘላል፤ «ንጉሡ መድፉን ትተው ዳይናሞ አምጡልኝ ቢሉ ኖሮ…» እያለ። የገጣሚ ሞኝነት ነው። ዳይናሞ ያን ጊዜ በርሊንም ቢሆን ገና የሊቃውንት ወሬ ነበር፤ የአንድም ሰው ቤት አላበራም። ንጉሡም በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ደብረ ታቦርን አቃጥለው፣ መድፋቸውን እያስጎተቱ፣ ወደ መቅደላ ሄዱ። መድፉ ዛሬም እዚያው አምባው ላይ ነው።

ኤሌክትሪክ አገራችን የገባው ሌላ ሠላሳ ዓመት ቆይቶ፣ በ1890 ዓ.ም. ገደማ፣ የዳግማዊ ምኒልክን ቤተ መንግሥት ሊያበራ ነው። እዚህ ላይ ፈረንጆች የሚወዱት አንድ ተረት አለ። ምኒልክ ከኒው ዮርክ የኤሌክትሪክ ወንበር ለሞት ፍርድ አዝዘው ቢያስመጡ አገሩ ኤሌክትሪክ የለውምና ዙፋን አደረጉት ይላል። ማስረጃ የሌለው ወሬ ነው፤ በየመጽሐፉ ግን ሲዞር ይኖራል። ወሬውን ያወሩት ሰዎች አገር እ.ኤ.አ. በ1890 በዚያ ወንበር የመጀመሪያውን ሰው መግደሉ ግን እውነት ነው። እነርሱ ነገሩ ገዳይ እንደሆነ ከመጀመሪያው ያውቁ ነበር፤ እኛ ዘንድ የገባው የቤተ መንግሥት ጌጥ ሆኖ፣ በመብራትነቱ ነው።

ቃላቱ ታሪኩን ይመሰክራሉ። አምፖል ከፈረንሳይኛ መጣ። ኮረንቲ የጣሊያንኛ ነው። መብራት ግን የራሳችን ነውና ሁሉን ዋጠው። በ1948 ዓ.ም. የተቋቋመው መሥሪያ ቤት ስሙ «የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ መብራትና ኃይል ባለሥልጣን» ነበር፤ ልብ በሉ፣ መብራት ይቀድማል፣ ኃይል ይከተላል። በ1989 ዓ.ም. ኮርፖሬሽን ሲሆን «መብራት» ከስሙ ወጣ፤ በ2006 ዓ.ም. ደግሞ ለሁለት ተከፍሎ አንዱ «ኤሌክትሪክ ኃይል»፣ ሌላው «ኤሌክትሪክ አገልግሎት» ተባለ። ሕዝቡ ግን እስከ ዛሬ «መብራት ኃይል» ነው የሚለው። አልፈርድበትም፤ እኔም እንደዚያው ነው የምለው።

የጉዳዩ ሥር እዚህ ላይ ይመስለኛል። ቤቶቻችን ሽቦ የተዘረጋላቸው ለመብራት ነው። አንድ አምፖል ለሳሎን፣ አንድ ለጓዳ፣ ሲተርፍ አንድ ለበረንዳ። አምፖል ጣራ ላይ ይንጠለጠላል፤ ሰው አይነካውም፤ ለእርሱ ሁለት ቀጫጭን ሽቦ ይበቃዋል። ከዚያ በመብራት ስም፣ በዚያው ሽቦ፣ ምጣድ ገባ።

ልዩነቱን በቁጥር ልንገርህ፤ ቁጥር እንጀራዬ ነው። 60 ዋት አምፖል በ220 ቮልት ሲበራ ከአንድ አምፔር ሩብ ትንሽ የሚበልጥ ኮረንቲ ይወስዳል። 3,500 ዋት የሚፈልግ ምጣድ 16 አምፔር ገደማ ይወስዳል። አንዲት ሴት እንጀራ ስትጋግር ሃምሳ ስምንት አምፖል እንዳበራች ቁጠረው። በ1956 ዓ.ም. ገደማ ሥራ የጀመረው የመጀመሪያው የጢስ ዓባይ ማመንጫ ሙሉ ጉልበቱ 11.4 ሜጋ ዋት ነበር፤ ሌላውን ሁሉ ትቶ ለምጣድ ብቻ ቢሠራ፣ በአንድ ጊዜ የሚያስጋግረው 3,250 ያህል ምጣድ ነው። ዛሬ በ2002 ዓ.ም. የተመረቀው በለስ 460 ሜጋ ዋት፣ በጳጉሜን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው ሕዳሴ 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት ዐቅም አላቸው። እዚህ ላይ እኛ የጉና ሰዎች ትንሽ እንኩራራ ብንል የሚቆጣን አይኖርም። የጉና ዝናብ በርብና በጉማራ ወርዶ ጣና ይገባል፤ ከጣና ከፊሉ በዋሻ ወደ በለስ፣ ከፊሉ በዓባይ ወደ ታች ይሄዳል፤ ተርባይን ያሽከረክራል፤ ኃይሉም በሽቦ አገር ያቋርጣል። በቡሄ ዋዜማ ማድ ቤታችንን ያረጠበው ዝናብም መንገዱ ይኸው ነው።

ከመንገድ ምሰሶ ወደ አንድ ተራ ቤት የሚገቡት ሽቦዎች ሁለት ናቸው። አንዱን ባለሙያዎቹ ፌዝ ይሉታል፤ ሌላውን ኒውትራል። (ፌዝ የሚለውን ስም ያወጣው ሰው አማርኛ ባያውቅም ቀንቶታል፤ እንዲህ ያለ ፌዘኛ የለም። ግድግዳ ውስጥ አንቀላፍቶ የተኛ ይመስላል።) ኮረንቲ መመለሻ የሌለው መንገድ አይሄድም። በፌዝ መጥቶ፣ በአምፖሉ አልፎ፣ በኒውትራል መመለስ አለበት፤ ይህንንም በሰከንድ 100 ጊዜ አቅጣጫውን እየለዋወጠ ያደርገዋል። ወፍ አንድ ሽቦ ላይ ቆማ የማትሞተው መመለሻ ስላልሆነች ነው። ታዲያ ኒውትራሉ ትራንስፎርመሩ ዘንድ ከመሬት ጋር ታስሯልና መሬት ራሷ የመመለሻ መንገድ ናት። ፌዝን ነክቶ መሬት ላይ የቆመ ሰው ሳያውቀው መንገድ ይሆናል።

የምጣድ ማሞቂያ ሽቦ በሸክላው ሥር ተጠምዝዞ ይተኛል። እንፋሎት ያገኘዋል፣ ሊጥ ይንጠባጠብበታል፣ ይሞቃል፣ ይቀዘቅዛል። ከዓመታት በኋላ አንድ ቦታ ላይ ይላላና የውጭውን ብረት ይነካል። ምጣዱ ሥራውን አያቋርጥም፤ እንጀራውም ዐይን ያወጣል። ብረቱ ግን ፌዝ ሆኗል፤ እርጥብ እግር ይጠብቃል። እናቴ ፊዚክስ አልተማረችም፤ ደረቅ ጣውላ መንገዱን እንደሚዘጋ ግን ነዝሯት ነዝሯት አወቀች። በከተማችን እንደ እርሷ በጣውላ፣ በኮንጎ ጫማ፣ በአሮጌ የጎማ ቁራጭ ላይ ቆመው ቤተሰብ የመገቡ እናቶች ብዙ ናቸው። ይህም በታሪክ መዝገብ ሊገባ የሚገባው የጥበብ ታሪክ ነው እላለሁ።

«ፊውዝ አልነበረም ወይ?» ትለኝ ይሆናል። ነበር። ነገር ግን ፊውዝ የሚጠብቀው ሽቦውን ነው። ከዐቅሙ በላይ ኮረንቲ ሲያልፍ ይቀልጥና ቤቱ እንዳይቃጠል ያደርጋል። የሰው ገላ ግን ትንሽ ነገር ነው። ከ10 ሚሊ አምፔር ጀምሮ ጡንቻ ተኮማትሮ እጅ የያዘውን መልቀቅ ያቅተዋል፤ ያቺ ልጅ ያልለቀቀችው ለዚህ ነበር። ከ30 አልፎ ሲቆይ የልብን ምት ሊያናጋ ይችላል። 30 ሚሊ አምፔር ምጣዱ ከሚወስደው ከአምስት መቶ አንድ እጅ እንኳ አይሞላም። ፊውዙ ለዚህ አይነቃም፤ አንድ ተጨማሪ አምፖል የበራ ያህልም አይቆጥረው። በዚያ ላይ በእኛ ግቢ ፊውዙ ሲቀልጥ የሚተካው በወፍራም የመዳብ ሽቦ ነበር። ይህ ዘበኛውን አሰናብቶ ኮቱን በር ላይ መስቀል ነው።

ሰውን የሚጠብቁት ሌሎች ሁለት ናቸው። አንደኛው በቢጫና አረንጓዴ የተሸፈነው የመሬት ሽቦ፣ በልማድ «ግራውንድ» የምንለው ነው። ከምጣዱ ብረት ተነሥቶ፣ በሦስት እግር ሶኬት አልፎ፣ ደጅ ወደተቀበረ ዘንግ ይወርዳል። ብረቱ ፌዝ በሆነ ቀን ኮረንቲው ከሰው ገላ የተሻለ መንገድ ያገኛል። ሁለተኛውን ጣሊያኖች ሳልቫቪታ፣ ነፍስ አድን፣ ይሉታል። ሥራው ከእኔ ሥራ ጋር ስለሚመሳሰል እወደዋለሁ። ማታ ሒሳብ ስንዘጋ ወጪና ገቢ ካልተመዛዘነ ማንም ወደ ቤቱ አይሄድም። ነፍስ አድኑም በፌዝ የወጣውንና በኒውትራል የተመለሰውን ያለማቋረጥ ያመዛዝናል። 30 ሚሊ አምፔር ጎድሎ ከተገኘ፣ የጎደለው በአንድ ሰው በኩል ወደ መሬት ሄዶ ይሆናል ብሎ፣ ከሰከንድ ሦስት ዐሥረኛ ባልበለጠ ጊዜ ሁሉንም ይዘጋል። ሁለቱም ያስፈልጋሉ፤ በበጋ መሬቱ ሲደርቅ በዘንጉ በኩል የሚያልፈው ፊውዙን ለማቅለጥ ላይበቃ ይችላል፤ ለነፍስ አድኑ ግን ይበቃዋል። ፌዝንና ኒውትራልን በሁለት እጁ በአንድ ጊዜ ለሚይዝ ሰው ደግሞ ነፍስ አድኑም አይደርስለትም፤ ሒሳቡ ተመዛዝኗልና።

ልጅቱን ከብዙ ዓመት በኋላ አየኋት። ባንካችን ገንዘብ ልታወጣ መጥታ፣ በመስኮቱ ሥር እጇን ስትዘረጋ፣ ፊቷን ሳይሆን መዳፏን ለየሁት። መስመሩ ነጥቷል። ሰልፈኛው እስኪያጉረመርም ተጨዋወትን። ሦስት ልጆች አሏት። ቤቷ መብራት አለው፤ እንጀራ ግን እስከ ዛሬ የምትጋግረው በእንጨት ነው። «እጄ እምቢ አለኝ» አለችኝ እየሣቀች። ልብሷ ጢስ ጢስ ይሸታል። የእንጨቱ ዋጋ ደግሞ በየወሩ ይጨምራል፤ ያንን የቁጠባ ደብተሯ ላይ አነበብሁት።

ባለፈው ጥቅምት ባለ ሁለት ክፍል ቤት ሠርቼ እናቴን ይዤ ስገባ፣ ሽቦ የዘረጋልኝ በቴክኒክና ሙያ የተማረ ወጣት ነበር። ሥራውን ሊጨርስ ሲል «ጋሼ፣ ግራውንዱ ይቀበር ወይስ ይቅር?» አለኝ። ብዙ ሰው ይቅር እንደሚለው ከድምፁ ያስታውቃል። እኔም የሳሎኑ ቀለም ገና ነበርና ለአፍታ ያህል አመነታሁ፤ ያቺን አፍታ ዛሬም አፍርባታለሁ። ቀለሙ ለሌላ ጊዜ ተላለፈ። ዘንጉን የልብስ እጣቢ በሚፈስበት፣ በበጋም እርጥብ በሆነው በኩል ቀበርነው፤ ድንጋይ ገጥሞን ሁለት ጊዜ ቦታ ቀየርን። ምሰሶው ላይ ወጥቶም የቆጣሪው ሽቦ የቆርቆሮውን ጠርዝ እንዳይፈትግ አራቀው፤ እንዲህ ተፈትጎ ሽፋኑ የተላጠ ሽቦ ጣራውን ሁሉ ፌዝ አድርጎ ሲያድር አይቻለሁ ብሎ ነገረኝ።

በመጨረሻ የነፍስ አድኑን መሞከሪያ ቁልፍ ተጫነ። ቀጭ! ቤቱ ጨለመ። እናቴ ከጓዳ ሆና «ውይ፣ መብራት ሄደ!» አለች።

«አልሄደም፣ እማማ፤ እኔ ነኝ ያስቆምሁት» አላትና መለሰው። በየወሩ እንድጫነው፣ ተጭኜው ካልጠፋ እንድጠራው አስጠነቀቀኝ። ከዚያ ቴስተሩን አውጥቶ የምጣዱን ጠርዝ ነካ፤ አልበራም። በእጁም ዳሰሰው። እናቴ ዐይኗን ጨፈነች።

ቅዳሜ ጠዋት ስነሣ የጤፍ ሽታ ቤቱን ሞልቶታል። ወደ ማድ ቤቱ ብቅ አልሁ። ሁለተኛውን እንጀራ እያወጣች ነበር። ወለሉ አዲስ ሲሚንቶ ነው፤ በላዩ ላይ ያቺ ጣውላ ተነጥፋለች፤ ከአሮጌው ቤት ስንጓዝ ማን እንደጫናት አላየሁም።

«አሁን እኮ አይነዝርሽም» አልኋት።

«ዐውቃለሁ» አለችና ሊጡን አዙራ አፈሰሰች።